አራት ሳንቲ ሜትር

በ2017 ዓ.ም. የገና ሰሞን፣ ታኅሣሥ 26 ሊነጋ ሲል፣ አዋሽ ፈንታሌ በኩል የተነሣው መንቀጥቀጥ አዲስ አበባን ከእንቅልፏ የቀሰቀሰበትን ሌሊት ታስታውሳላችሁ። የኮንዶሚኒየም ሰው ጋቢውን ተከናንቦ ግቢ ወርዷል። ገሚሱ ይጸልያል፣ ገሚሱ ፌስቡክ ላይ "ተሰማችሁ?" ይላል። እኛ ደግሞ ስልክ እናነሣለን። በዚያ ሰሞን ሲቪል መሐንዲስ መሆን ሐኪም የመሆን ያህል ነበር። ከስንት ዘመን በፊት የጠፋ ዘመድ ሁሉ የሳሎኑን ግድግዳ ስንጥቅ ፎቶ አንሥቶ ይልካል፤ እኛም "የልስን ስንጥቅ ነው፣ አይዞህ" እያልን እንመልሳለን። እውነትም አብዛኛው የልስን ስንጥቅ ነበር።

አንዱ ስልክ ግን እንዲህ አለን።

"ልጆቼ፣ ያ የአቃቂው ሕንፃ ይችለዋል አይደል?"

"ይችላል ጋሼ፣ አያስቡ።"

ስልኩን ዘጋንና ሦስታችን ተደዋወልን። ማናችንም ጉዳዩ ምን እንደሆነ ለሌላው ማስረዳት አላስፈለገንም። ሲ ሦስት! ስድስት ዓመት ሙሉ አንድም ቀን በአፋችን ሳናነሣው፣ ሦስታችንም በየሆዳችን ይዘነው የኖርን አንድ ኮሎን።

እኛ ማለት አምስት ኪሎ አንድ ዶርም የተኛን ሦስት ሲቪሎች ነን። በ2011 ዓ.ም. አንዲት ጠባብ ክፍል ተከራይተን "ቢሮ" ብለን የተቀመጥን ጊዜ፣ ከመጡልን የመጀመሪያዎቹ ሥራዎች አንዱ የጋሼ ነበር (ስማቸውን አንጠራም፣ ጋሼ ይበቃል)። ጋሼ የሕንፃ ዕቃ ነጋዴ ናቸው። አቃቂ ላይ ጂ ፕላስ ሦስት ሊያሠሩ ፈልገው አንዱ ዘመዳቸው ወደኛ መራቸው። ገና ወንበር ሳይስቡ የመጀመሪያ ቃላቸው ምን ነበር መሰላችሁ?

"ቢም አልፈልግም!"

ቦሌ አንድ ሞል ገብተው ሽቅብ ሲያዩ ጣሪያው ልሙጥ ሆኖ አገኙት። ወደ ታች የተንጠለጠለ ቢም የለም፣ ኮሎን ብቻ። "ተከራይ በመጣ ቁጥር ክፍሉን እንደፈለግሁ እከፍላለሁ፣ እንደፈለግሁ አፈርሳለሁ። እናንተ ቢም የምትሉት ነገር ግድግዳዬን እዚህ አድርግ እዚያ አድርግ እያለ ያዝብኛል" አሉ። እውነታቸውን ነው። እዚህ ከተማ የለመድነው ሶሌታ በብሎኬት የተሞላ፣ በየመሀሉ ቀጫጭን የአርማታ ጅማት ያለው፣ ዙሪያውን በቢም የታሠረ ነው። ቢም የሌለው ሶሌታ፣ በፈረንጅኛው ፍላት ስላብ የምንለው፣ ቅርጽ ማውጫው ቀላል ነው፤ የፎቁን ቁመት አይበላም፤ ለኤሌክትሪክና ለቧንቧ ሠራተኛም ገነት ነው።

ዕዳው ግን ሁሉ የሚጠራቀመው ኮሎኑ አናት ላይ ነው።

የዕድር ድንኳን ስትተክሉ ምሰሶውን ጨርቁ ላይ ዝም ብላችሁ ብትሰኩት፣ ዝናብ አጠራቅሞ የከበደ ቀን ምሰሶው ጨርቁን በስቶ ይወጣል አይደል? ለዚያ ነው ምሰሶው የሚያርፍበት ቦታ በቁራጭ ሸራ ወይም በቆዳ የሚደረበው። ፍላት ስላብም እንደዚያው ነው። የፎቁ ሸክም በቢም ተከፋፍሎ አይመጣም፤ በቀጥታ ወደ ኮሎኑ ይሮጣል። ሶሌታው ከኮሎኑ በላይ ወደ ላይ ስለሚጎብጥ የሚሳሳበው የላይኛው ፊቱ ነው፤ ስለዚህ ዋናው ፌሮ እዚያ ላይ፣ ከላይ ይቀመጣል። ሸክሙ ከበዛ ኮሎኑ ሶሌታውን እንደ ምሰሶው በስቶት ይወጣል። እኛ ፓንቺንግ እንለዋለን። ክፋቱ ደግሞ አያስጠነቅቅም። ቢም ሊወድቅ ሲል ይጎብጣል፣ ይሰነጠቃል፣ ሰው "ኧረ ይሄ ነገር…" የሚልበት ጊዜ ይሰጣል። ፓንቺንግ ግን ድንገት ነው። አንዱ ኮሎን ጋ ሲበሳ ሸክሙ ወደ ጎረቤቱ ይዞራል፣ እሱም ይበሳል፣ እያለ እንደ ተደረደረ ዶሚኖ ይሄዳል።

ይህን ነገር በዓለም ላይ ቀድሞ የሠራው አሜሪካዊው ተርነር ነው፤ እንደ አውሮፓውያኑ በ1906፣ ሚኒያፖሊስ ውስጥ። ስዊሳዊው ማያር ደግሞ በ1910 ዙሪክ ላይ መጋዘን ሠራበት። የሁለቱንም ፎቶ ብታዩ ኮሎኖቹ አናታቸው ላይ እንደ እንጉዳይ ሰፍተዋል። ሰዎቹ ጌጥ ፈልገው አይደለም፤ ያ የሰፋ አናት የድንኳኑ ቁራጭ ሸራ ነው። እኛም ለጋሼ መጀመሪያ የሳልነው እንደዚያ ነበር። ወረቀቱን ገና ሲያዩት፣

"ይሄ ቆብ ምንድን ነው?"

"ኮሎኑ ሶሌታውን እንዳይበሳው ነው ጋሼ።"

"ቢም አልፈልግም ስል ቆብ ልታለብሱብኝ? ልሙጥ አድርጉልኝ!"

ልሙጥ አደረግንላቸው። ይቻላልም። ከኮሎን ኮሎን 5.5 ሜትር፣ ሶሌታው 28 ሳንቲ ሜትር ውፍረት፣ ኮሎኑ 50 በ50። ሥራውን የሚሠራው ውፍረቱ ሙሉው ሳይሆን ከታች እስከ ላይኛው ፌሮ ያለው ጥልቀት ነው፤ እሱ 24 ሳንቲ ሜትር። በዚያን ጊዜ አዲሱ የኢትዮጵያ ኮድ፣ ኢኤስ ኢኤን 1992፣ ገብቶ ስለነበር ፍተሻውን በሱ ሠራነው። ከኮሎኑ ጠርዝ የዚያን ጥልቀት ሁለት እጥፍ ያህል ርቃችሁ ዙሪያውን መስመር ታሰምራላችሁ፤ ኮሎኑ ሶሌታውን ይበሳው እንደሆነ በዚያ መስመር ላይ ይፈተሻል። (አሮጌው ኢቢሲኤስ 2 አንድ ተኩል እጥፍ ነበር የሚለው። እኛ የተማርነው በአሮጌው፣ የሠራነው በአዲሱ። ሁለቱን ያምታታ የክፍል ጓደኛ ሞልቶን ነበር።) ሒሳቡ እንዲህ ወጣ፦ የደህንነት ማባዣው ሁሉ ገብቶበት በመሀል ኮሎኖቹ ላይ የሚመጣው 70 ቶን ገደማ፣ ሶሌታው የሚችለው 75። አለፈ። በጠባቡ፣ ግን አለፈ። ለመሬት መንቀጥቀጡ ደግሞ በፍላት ስላብ ብቻ መተማመን ኮዱም ስለማይደፍረው በደረጃው ዙሪያ ወፍራም የአርማታ ግድግዳ አቆምን።

አቃቂ ሲባል ሁሉም የሚፈራው መሠረቱን ነው። ሳሪስን አልፋችሁ፣ የቃሊቲን የከባድ መኪና ሰልፍ ተሻግራችሁ ስትወርዱ የምታገኙት አፈር ጥቁር ነው፤ በክረምት ጫማ የሚያወልቅ፣ በበጋ እግር የሚያስገባ ስንጥቅ የሚከፍት። ያበጠ ጊዜ ቤት ያነሣል፣ የደረቀ ጊዜ ይጥላል። ስለዚህ እዚያ አካባቢ ሰው "ጥቁሩን አውጥታችሁ ጣላችሁ?" ብሎ ይጠይቃል። እኛም አውጥተን ጣልን። ጋሼ ቁፋሮው ዳር ቆመው ሁለት ሳምንት ጠበቁት። መሠረቱን ያልጎበኘ የሰፈር ሽማግሌ አልነበረም። ወደ ላይ ስንወጣ ግን የሚያየን ሰው ጠፋ።

የአንደኛ ፎቅ ሶሌታ የተሞላው ግንቦት ውስጥ ነው። ከንጋቱ 12 ሰዓት ሚክሰሩ ተነሣ። የላይኛውን ፌሮ ከታችኛው ከፍ አድርገው የሚሸከሙ፣ ከፌሮ የታጠፉ እግሮች ሥር ሥሩ አስገብተናል። ሠራተኛ ፌሮው ላይ እንዳይራመድ መረማመጃ ጣውላ ይነጠፍ ብለን አዘናል። ፎርማኑም "እሺ ኢንጂነር" ብሎናል። እናላችሁ፣ እስከ እኩለ ቀን ሁሉ ነገር እንደ ወረቀቱ ሄደ። ሦስታችን ተራ በተራ ጎንበስ እያልን ፌሮ እንለካለን፣ የወረደውን እናስነሣለን፣ ፌራዮውም ቢነጫነጭ ያነሣል።

ከዚያ ምሳ ደረሰ።

ጋሼ ለሶሌታው በግ አርደው ነበር። ሶሌታ በሚሞላበት ቀን ባለቤት ሠራተኛውን ሲያበላ አይታችሁ ከሆነ ታውቃላችሁ፤ ዝም ብሎ ምሳ አይደለም፣ እንደ ምርቃት ነው። "እናንተ ሳትቀምሱ?" ብለው እጃችንን ይዘው ወሰዱን። አንዳችን እንኳ እንቅር አላልንም። ኮንክሪት ደግሞ አይቆምም፤ ግማሹ ሠራተኛ ሲበላ ግማሹ ይሞላል። አርባ ደቂቃ ቢሆን ነው። ጥብሱ ጥሩ ነበር፤ ይህንንም አንደብቅም።

ስንመለስ ሲ ሦስት ዙሪያው ተሞልቶ አገኘነው። መረማመጃ ጣውላው የለም፤ ለደረጃው ድጋፍ አንሥተው ወስደውታል። ባሬላ የያዙት ልጆች የሚመላለሱት በቀጥታ ኮሎኑ አናት ላይ ነው፣ ፌሮው ላይ። ከእኛ አንዱ ቁራጭ ፌሮ አንሥቶ ገና እርጥብ የሆነው ኮንክሪት ውስጥ ሰደደ። ወረደ፣ ወረደ… ከዚያ ነካ። እርስ በርሳችን ተያየን።

"ፎርማን፣ ይሄ ወርዷል እኮ።"

"ኢንጂነር፣ ትንሽ ነው። ሲጠጥር ይይዘዋል።"

ሁለት ምርጫ ነበረን። አንደኛው ኮንክሪቱን በአካፋ አስነሥቶ፣ ፌሮውን አስጎትቶ እንደገና መሙላት። ይህ ማለት ሥራውን ማስቆም፣ ከፎርማኑ ጋር መጣላት፣ በጋሼ በግ ላይ ጠብ ማንሣት ነው። ሁለተኛው ዝም ማለት። ዕድሜያችን ሃያ ስድስት፣ ቢሮአችን የሦስት ወር፣ የቀሪው ክፍያ ቼክ ገና አልተፈረመም። ዝም አልን። ሳይት ቡኩ ላይ እንኳ አልጻፍነውም። የጻፍነው "የአንደኛ ፎቅ ሶሌታ ሙሌት በመልካም ሁኔታ ተጠናቀቀ" የሚል ነው። ፊርማችንም አለበት።

ከዚያ በኋላ ባሉት ዓመታት ስለ ደቡብ ኮሪያው ሳምፑንግ የገበያ አዳራሽ ያነበብነውን ያህል ስለ ሌላ ሕንፃ አላነበብንም። ሴኡል ውስጥ ሰኔ 22 ቀን 1987 ዓ.ም. የወደቀው ነው፤ 502 ሰው ሞቶበታል። እሱም ፍላት ስላብ ነበር። ኮሎኖቹ ከተገቢው ቀጥነው፣ ያልታሰበ አምስተኛ ፎቅ ተጨምሮበት፣ አምስተኛው ላይ ምግብ ቤት ገብቶበት፣ ጣሪያው ላይ ከባድ የአየር ማቀዝቀዣ ተጎትቶበት። ለምርመራ ሲፈተሽ ደግሞ የሶሌታው የላይኛው ፌሮ ከታሰበለት ቦታ ወርዶ ተገኘ። አንዱ ብቻውን አልጣለውም። እያንዳንዱ "ትንሽ ነው" ብሎ ትንሽ ትንሽ ነካ፤ ሕንፃውም አምስት ዓመት ያህል ቆሞ ሲሠራ ስለኖረ ሁሉም ልክ የነበረ መሰለው። ስንጥቁ የታየው ከወራት በፊት ነው። በዕለቱም አምስተኛው ፎቅ ተዘግቶ ከታች ያለው ገበያ ቀጥሏል።

ወደ አቃቂ እንመለስ። ከመንቀጥቀጡ በኋላ ባለው ሳምንት ሄድን። ጋሼ በር ላይ ጠበቁን። ምድር ቤቱን አንድ የባንክ ቅርንጫፍ ተከራይቶታል። የተስተናጋጆቹ ወንበር የተደረደረው የት መሰላችሁ? ሲ ሦስትን ተደግፎ። አንዲት እናት ልጅ አዝለው ተራ ይጠብቃሉ። ቀና ብለን ጣሪያውን አየን፤ ልሙጥ፣ ንጹሕ፣ ነጭ። አንድም ስንጥቅ የለም። ባለማወቅ ቢሆን ደስ ብሎን እንመለስ ነበር። ግን ኮሎን ሶሌታን ሊበሳ ሲያስብ ስንጥቁ የሚጀምረው ከላይ ነው፤ ከላይ ደግሞ ንጣፍ አለ።

አንደኛ ፎቅ ስንወጣ ሁለተኛውን ጉድ አየን። ጋሼ ምድር ቤቱን ለባንክ ሲያከራዩ የራሳቸውን መጋዘን ወደ አንደኛ ፎቅ አውጥተውታል። ሴራሚክ! ካርቶን በካርቶን ላይ፣ እስከ ደረት። እኛ ያንን ፎቅ ስንሠራ ሱቅ ይሆናል ተብሎ በካሬ ሜትር 500 ኪሎ ነው ያሰብንለት። ሴራሚክ አንድ ሜትር ከፍ ተደርጎ ሲደረደር በካሬ ወደ ሁለት ቶን ይሆናል። መተላለፊያውን ቀንሳችሁ የፎቁ ግማሽ ብቻ ተሸፈነ ብትሉ እንኳ በአማካይ አንድ ቶን ነው፣ ከታሰበው እጥፍ።

"ጋሼ፣ ይሄ መቼ ወጣ?"

"ሁለት ዓመት አለፈው። ምነው? ልጆቼ፣ ይችላል አላላችሁኝም?"

ብለናል። ያውም በስልክ።

በማግስቱ ፌሮ የሚፈልግ መሣሪያ ተውሰን ተመለስን። ኮሎን በኮሎን ለካን። ሌሎቹ እንደ ወረቀቱ ናቸው፤ አንድ ሳንቲ ሜትር ቢዛቡ ነው። ሲ ሦስት ላይ ንጣፉን አንሥተን፣ ኮንክሪቱን ትንሽ ፈልፍለን በሜትር አረጋገጥን። ከላይ ሦስት ሳንቲ ሜትር ሽፋን ሊኖረው የሚገባው ፌሮ ሰባት ላይ ተኝቷል። አራት ሳንቲ ሜትር ወርዷል። ከኮሎኑ ማዕዘኖችም እንደ ፀጉር የቀጠኑ ስንጥቆች ተነሥተው ወደ ውጭ ሄደዋል።

አራት ሳንቲ ሜትር የሁለት ጣት ውፍረት ነው። ሒሳቡን ግን እዩት። ጥልቀቱ ከ24 ወደ 20 ሲወርድ የሶሌታው አቅም ከ75 ቶን ወደ 62 ይወርዳል። የሴራሚኩን ትክክለኛ ክብደት፣ ያለ ምንም የደህንነት ማባዣ፣ ስናስገባ 68 ይመጣል። እና ለምን አልወደቀም? 62 የተባለው ራሱ ለኮንክሪት የተተወ መጠባበቂያ ተቀንሶለት ስለሆነ ነው። ሕንፃው ቆሞ የነበረው በመጠባበቂያው ላይ ነው። ጋሼ "መሐንዲሶች አብዝተው ነው የሚሠሩት፣ ይችላል" ብለው ከመጠባበቂያው ቆነጠሩ። ፎርማኑ "ሲጠጥር ይይዘዋል" ብሎ ቆነጠረ። እኛም "ኮዱ ማባዣ አለው" ብለን ለራሳችን እየነገርን ስድስት ዓመት ተኛን። ሦስታችንም (አሁን ሦስት ያልነው እኛን፣ ፎርማኑንና ጋሼን ነው) አንዱን መጠባበቂያ እያንዳንዳችን የብቻችን አድርገነዋል። የሚያጽናናን አንድ ነገር ነበረ፦ ከታች ያለውን ፌሮ በሁለቱም አቅጣጫ በኮሎኑ ውስጥ አሳልፈነዋል። ኮሎኑ ሶሌታውን ቢበሳው እንኳ ያ ፌሮ ሶሌታውን አንጠልጥሎ ይይዘዋል ተብሎ ነው የሚታሰበው። ግን በዚህ ተማምኖ እዚያ ወንበር ላይ ልጅ አዝሎ የሚቀመጥ ማን ነው?

ያን ቀን ማታ ከጋሼ ጋር ተቀመጥን። ሁሉንም ነገርናቸው። የሴራሚኩን ብቻ ነግረን የራሳችንን ብንተወው ይቻል ነበር፤ አይዋሽም፣ መንገድ ላይ አንዳችን አንሥቶት ነበር። ሴራሚኩ ብቻውን በቂ ሰበብ ነው፤ ጋሼም ጥፋቱ የኔ ነው ብለው ይቀበሉ ነበር። ግን ፎቶ አለን። ከእኛ አንዱ ያን ቀን ከምሳ ሲመለስ በስልኩ ያነሣው ነው፤ አንድ ልጅ ባሬላ ይዞ ሲ ሦስት ላይ ቆሟል፣ ፌሮው ከእግሩ ሥር ጎብጧል። ስድስት ዓመት ሳናጠፋው ኖረናል። አወጣንና አሳየናቸው።

ጋሼ መነጽራቸውን አድርገው ብዙ ጊዜ አዩት። እንቆጣለን ብለው አልተቆጡም።

"ይሄ የበጉ ቀን ነው" አሉ።

"አዎ ጋሼ።"

"በግድ ጎትቼ ያበላኋችሁ እኔ ነኛ!"

"እንቢ ማለት ነበረብን።"

"ነበረባችሁ" አሉ።

ሴራሚኩ በሦስት ቀን ወረደ። ባንኩ ወንበሮቹን ወደ ሌላው ጥግ ወሰደ። ሲ ሦስት ዙሪያ ከታች የብረት ድጋፍ ገባ። ስሌታችንን ደግሞ እኛ ራሳችን ብቻ ልንፈትሸው እንደማይገባ አምነን፣ ከኛ ብዙ ዘመን የሚበልጥ ልምድ ላለው መሐንዲስ ሰጠነው። ሰውየው ወረቀቱን እስከ መጨረሻው አይቶ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀን፦ "መጀመሪያ ላይ ቆብ ሳላችሁ ነበር፣ ማን አስወጣው?"

ጥገናውም እሱ ሆነ። በኮሎኑ አናት ዙሪያ ኮንክሪቱ ተፈልፍሎ፣ አዲስ ፌሮ ተሰክቶ፣ የሰፋ የአርማታ ቆብ ተሞላ። ኮሎኑ አናቱ ላይ ሲሰፋ የሚበሳው መስመርም አብሮ ይረዝማል፣ ሸክሙ በሰፊ ዙሪያ ይከፋፈላል። ወጪውን ከጋሼ ጋር እኩል ተካፈልን፤ የእኛ ድርሻ በ2011 ከተከፈለን የዲዛይን ገንዘብ በለጠ። የሞላነው ቅዳሜ ቀን ነው፣ ባንኩ ከተዘጋ በኋላ። ሦስታችንም ከጧት እስከ ማታ ከሥሩ አልተነሣንም፤ ምሳ የበላነው ተራ በተራ ነው። ሳይት ቡኩንም አውጥተን ከዚያች የግንቦት ገጽ ግርጌ የሆነውን በሙሉ ጽፈን፣ የዛሬውን ቀን አድርገን ፈረምን።

ባለፈው ሰሞን በዚያ ስናልፍ ጎራ አልን። ጋሼ ባንኩ ውስጥ ቆመው ከአንድ ሰው ጋር ያወራሉ። ሰውየው ቀና ብሎ፣ "ሌሎቹ ልሙጥ ሆነው ይቺኛዋ ምን ሆና ነው?" አላቸው።

ጋሼ ወደኛ ዞረው አዩን።

"ቆብ ነው" አሉት።